የፈላውን ስለ ማቀዝቀዝ፦ የቢራ ጠማቂዎችና የመዳብ ቱቦ ታሪክ

ስለ ቢራ ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ ነገራቸውን የሚጀምሩት ከገብሱና ከብቅሉ፣ ከመራራው የሆፕስ አበባና ከእርሾው ነው፤ ነገሥታት በመጠጡ ላይ ስለ ጣሉት ቀረጥም በሰፊው ያትታሉ፤ ነገር ግን የፈላው የብቅል ጭማቂ ከእሳት ከወረደ በኋላ እርሾ እስኪጨመርበት ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ ምን እንደሚደረግበት፣ በምንስ ዕቃ እንደሚቀዘቅዝ፣ ያም ዕቃ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ የሚናገሩት እጅግ ጥቂት ነው። እኔ ግን የጠመቃን ጥበብ ከመሳፍንት ዐዋጅና ከባለጸጎች ፋብሪካ አውጥቶ ተራው ሰው በወጥ ቤቱ እንዲሠራው ካበቁት ምክንያቶች መካከል ይህ የማቀዝቀዝ ጥበብ የመጀመሪያውን ስፍራ ሊይዝ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የዚህም ታሪክ የቅርብ ዘመን ምዕራፍ የተጻፈው በታላላቅ የቢራ ፋብሪካዎች ውስጥ ሳይሆን፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር በየቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ በርካሽ ገዝተው በገዛ እጃቸው በጠመዘዙት የመዳብ ቱቦ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እለምናለሁ።

አስቀድሞ የነገሩን ምክንያት መግለጽ ይገባል። ቢራ ጠማቂ የገብስ ብቅሉን ከስክሶ በሙቅ ውሃ ከዘፈዘፈውና ጣፋጩን ጭማቂ አጥልሎ ካወጣ በኋላ፣ እኛ ጌሾ በምንጠቀምበት ፈንታ ሆፕስ ጨምሮ አንድ ሰዓት ያህል ያፈላዋል፤ በዚህም ጊዜ ጭማቂውን ሊያበላሹ የሚችሉ ተሐዋስያን በእሳቱ ኃይል ይጠፋሉ። ይሁን እንጂ እርሾም ራሱ ሕያው ፍጥረት ነውና በፈላ ነገር ላይ ቢጨምሩት አብሮ ይሞታል፤ ስለዚህ ኤል ለሚባለው የቢራ ዓይነት ጭማቂው ወደ 20 ዲግሪ፣ ላገር ለሚባለው ደግሞ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪወርድ ድረስ መጠበቅ ግድ ይሆናል። አደጋው ያለውም በዚህ ጥበቃ ውስጥ ነው፤ ጣፋጭና ለብ ያለ፣ እርሾም ገና ያልያዘው ፈሳሽ በአየር ላይ ለሚንሳፈፉ ተሐዋስያን እጅግ የሚመች ስለሆነ፣ ቅዝቃዜው በዘገየ መጠን የመኮምጠጡና የመበላሸቱ ነገር እየቀረበ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ትኩሱ ጭማቂ ከብቅሉ ጠባይ የተነሣ የተቀቀለ በቆሎ የሚሸት የድኝ ውሑድ ማፍለቁን አያቆምም፤ ይህ ውሑድ በሚፈላበት ጊዜ ከእንፋሎቱ ጋር ተንኖ ይሄዳል፣ ክዳን ተደፍቶበት በዝግታ ሲቀዘቅዝ ግን እዚያው ይቀራል። በፍጥነት የቀዘቀዘ ጭማቂ በአንጻሩ በውስጡ የሟሟውን ፕሮቲን አርግቶ ወደ ታች ይጥለዋልና ከእርሱ የሚወጣው ቢራ የጠራ ይሆናል።

ይህንን ምሥጢር የእኛ አገር ጠላ ጠማቂ እናቶችም ያለ መጽሐፍ ያውቁታል፤ ምንም እንኳ የእነርሱ ሥራ ጭማቂ ማፍላት ባይሆንም፣ እንኩሮውን ከምጣድ አውጥተው በትኩሱ ከጥንስሱ ጋር የሚደባልቁ አይደሉም፤ ዘርግተው ያበርዱታል፣ በእጃቸውም ዳስሰው ሙቀቱ መውጣቱን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ወደ ጋኑ ይጨምሩታል። በሁለቱም አገር ጥበብ ሥር ያለው ሕግ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የፈረንጁ ጠማቂ ሊያበርደው የሚገባው ነገር በምጣድ ላይ የሚዘረጋ ዱቄት ሳይሆን ብዙ በርሜል የሚሞላ የፈላ ፈሳሽ መሆኑ ነው።

ማቀዝቀዣ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ጠማቂው ቅዝቃዜን የሚያገኘው ከወቅቱ ብቻ ነበር። በደቡብ ጀርመን የሚገኙት የባቫርያ መሳፍንት በ1516 ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት የደነገጉት ሕግ በዓለም ሁሉ ሲነገር ይኖራል፤ ይሁን እንጂ በ1553 መስፍኑ አልብሬክት 5ኛ ያወጁት ሌላው ዐዋጅ ለጠማቂው ኑሮ የበለጠ ክብደት የነበረው ይመስለኛል። ዐዋጁ ጠመቃ የሚፈቀደው ከበዓለ ሚካኤል፣ ማለት ከሴፕቴምበር 29 ቀን፣ እስከ በዓለ ጊዮርጊስ፣ ማለት እስከ ኤፕሪል 23 ቀን ብቻ እንዲሆን አዘዘ፤ በበጋው ወራት የተጠመቀ ቢራ በሙቀቱ ይበላሽ ስለ ነበረና የጠመቃ እሳትም በደረቁ ወራት ቤት ያቃጥላል ተብሎ ይፈራ ስለ ነበረ ነው። እንዲህ ሆኖ የጠማቂው ዓመት በሁለት ቅዱሳን መታሰቢያ መካከል ተወስኖ ኖረ፤ ሊቀ መላእክት ሚካኤል የሥራውን በር ሲከፍት ሰማዕቱ ጊዮርጊስ ይዘጋዋል። በ1922 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካችን በዚሁ ሰማዕት ስም መጠራቱን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ በባቫርያ የዚህ ቅዱስ ዕለት ጋኖች የሚታጠቡበትና ምድጃ የሚጠፋበት ቀን እንደ ነበረ ሲሰማ መደነቁ አይቀርም።

በተፈቀደው ወቅት ጠማቂው የፈላውን ጭማቂ የሚያፈስሰው ‹‹የማቀዝቀዣ መርከብ›› ብሎ ወደሚጠራው ዕቃ ነበር፤ ይህም ወለሉ እንደ አንድ ክፍል የሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከክንድ ያነሰ፣ ከእንጨት ወይም ከብረት፣ ገንዘብ ላለው ደግሞ ከመዳብ የሚሠራ ገንዳ ሲሆን፣ የሚቀመጠውም ነፋስ እንዲያገኘው ከሕንፃው የላይኛው ደርብ ላይ ነው። ጭማቂው ስስ ሆኖ ስለሚዘረጋ ሙቀቱ በእንፋሎትና በነፋስ ይወጣል፤ ማታ የተሞላው ገንዳ ሲነጋ በርዶ ይገኛል። ይህ ሥርዓት ዛሬ ፈጽሞ የጠፋ አይደለም፤ በብራሰልስ ከተማ በ1900 የተመሠረተው የካንቲዮን ጠመቃ ቤት እስከ አሁን ድረስ ከጣሪያው ሥር ባለው የመዳብ ገንዳ ጭማቂውን በክረምቱ ሌሊት ያቀዘቅዛል። እርሾም አይጨምርበትም፤ ላምቢክ የሚባለው ኮምጣጣ ቢራ ከአየሩና ከበርሜሉ እንጨት የሚገቡት ተሐዋስያን ራሳቸው እንዲያፈሉት ይተዋልና፣ ከዚያም በበርሜል ሆኖ ወራትና ዓመታት ይቆያል። ሌላው ጠማቂ ሁሉ የሚሸሸውን ነገር እነዚህ ሰዎች በትዕግሥትና በልምድ ገርተው የጥበባቸው መሠረት ማድረጋቸው በእውነት ሊመሰገን የሚገባው ነው።

የመዳብ ዕቃ ግን ውድ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ከጠማቂ ንብረት ሁሉ ዋጋው የሚከብደው የመዳብ ድስቱ ስለ ነበር፣ አቅም የሌለው ሰው ለብቻው ሊገዛው አይችልም፤ በዚህም ምክንያት በብዙ የጀርመን ከተሞች ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ የጋራ ጠመቃ ቤት ያቆም ነበር። በባቫርያ ሰሜናዊ ምሥራቅ በላይኛው ፓላቲኔት አውራጃ ይህ ልማድ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ ዛሬ ዘልቋል፤ በዊንዲሽኤሸንባኽና በአካባቢዋ መንደሮች የመጠመቅ መብት ያላቸው ቤተሰቦች ተራ ገብተው በማኅበሩ ድስት ጭማቂ ያፈላሉ፣ በማኅበሩ ገንዳም ሌሊቱን ያቀዘቅዛሉ፣ ሲነጋ ጭማቂውን ወደየቤታቸው ወስደው በየራሳቸው ጓዳ እርሾ ይጨምሩበታል፤ ቢራው ሲደርስም ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ በደጃቸው ሰቅለው ጎረቤቱን ይጠራሉ። ሶይግል የሚባለው ይህ መጠጥ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያደንቀው ጣዕሙን ነው፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው ከበስተኋላው ያለው ሥርዓት ነው፤ ማፍያውና ማቀዝቀዣው ውድ ስለ ነበሩ የጋራ ሆኑ፣ እርሾውና ጓዳው ርካሽ ስለ ነበሩ የግል ሆነው ቀሩ።

19ኛው መቶ ዓመት ሲደርስ ፋብሪካዎች እየሰፉ፣ የከተሞችም ሕዝብ እየበዛ ስለ ሄደ የወቅት ቅዝቃዜ አልበቃ አለ። የባቫርያ ጠማቂዎች በክረምት ከሐይቅና ከኩሬ በረዶ እየቆረጡ በምድር ውስጥ ጓዳ ያከማቹ ነበር፤ በጓዳው ላይም ቅጠለ ሰፊውን የደረት ለውዝ ዛፍ እየተከሉ ፀሐይ እንዳያገኘው ይከልሉት ነበር፤ ዛሬ በሙኒክ ሰው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቢራ የሚጠጣበት ታላቁ ልማድ የተወለደው ከዚህ ጥላ ነው። ሆኖም የሥራውን ክብደት ማሰብ ያስፈልጋል፤ አንድ ሊትር ጭማቂ ከ100 ዲግሪ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ የሚያወጣው ሙቀት አንድ ኪሎ ያህል በረዶ ለማቅለጥ ይበቃል። 1,000 ሊትር ጭማቂ በበረዶ ብቻ ሊያቀዘቅዝ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ወደ 1,000 ኪሎ በረዶ ሊያጠፋ ነው። ስለዚህ ብልሁ መንገድ የሙቀቱን አብዛኛውን ክፍል በተራ ውሃ ማውጣት፣ በረዶውን ለመጨረሻዎቹ ዲግሪዎች ብቻ ማስቀረት ሆነ።

ለዚህም ሥራ በመቶ ዓመቱ አጋማሽ ላይ ዣን ሉዊ ቦደሎ የተባለው ፈረንሳዊ ስሙን ያስጠራበት መሣሪያ ወጣ። የመዳብ ቧንቧዎች አንዱ ከአንዱ በላይ አግድም ይደረደራሉ፤ በውስጣቸው ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ ትኩሱ ጭማቂ ደግሞ ከላይ ተለቅቆ በቧንቧዎቹ ላይ ስስ ሆኖ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ ከሥር ሲደርስ በርዷል። ሌሊት ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሥራ በዚህ መሣሪያ ወደ ጥቂት ሰዓት አጠረ። ብዙ ሰው ስለ ቢራ ዘመናዊነት ሲያነሣ የሚጠራው ሉዊ ፓስተርን ነው፤ በእርግጥም ፓስተር ፈረንሳይ በ1870 እና በ1871 በፕሩስያ ከተሸነፈች በኋላ የአገሩን ቢራ ከጀርመን ቢራ ሊያስተካክል ተነሥቶ በ1876 ስለ ቢራ ያሳተመው መጽሐፍ፣ የመበላሸቱ ምክንያት ከውጭ የሚገቡ ተሐዋስያን መሆናቸውን ለጠማቂው በግልጽ አስረዳው፤ ጭማቂው ከአየር ተጠብቆ መቀዝቀዝ እንደሚገባውም ያስተማረው እርሱ ነው። ዕውቀቱ የፓስተር ይሁን እንጂ፣ ጠማቂው ያንን ዕውቀት በእጁ ሊሠራበት የቻለው መዳብ ቀጥቃጮችና ቧንቧ ሠሪዎች መሣሪያውን ስላዘጋጁለት መሆኑ መረሳት የለበትም።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ካርል ፎን ሊንደ በሙኒክ የሽፓተን ጠመቃ ቤት ባለቤት ጋብሪኤል ዜድልማየር ድጋፍ የማቀዝቀዣ ሞተሩን በ1870ዎቹ ሠርቶ አሳየ፣ በ1879ም ኩባንያውን አቋቋመ፤ በበጋ መጥመቅ ከዚያ ወዲያ የወቅት ጉዳይ መሆኑ ቀረ። በ1923 ደግሞ ሪቻርድ ሴሊግማን በእንግሊዝ አገር በመጀመሪያ ለወተት ያዘጋጀው፣ ስስ የብረት ሰሌዳዎች ተደራርበው ትኩሱና ቀዝቃዛው ፈሳሽ በየመካከላቸው የሚተላለፉበት መሣሪያ ወደ ቢራ ፋብሪካዎችም ገባ። የማይዝገው ብረት እየበዛና እየረከሰ ሲሄድ፣ ብርቱ የማጽጃ መድኃኒት ስለሚችልም፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መዳብ ከታላላቅ ፋብሪካዎች ቀስ በቀስ ወጣ። ነገር ግን ሲወጣ አንድ ትምህርት ትቶ ሄደ፤ መዳብ የእርሾን የድኝ ሽታ ይይዝ ስለ ነበር፣ ድስታቸውንና ቧንቧቸውን ሁሉ ወደማይዝግ ብረት የለወጡ አንዳንድ ጠማቂዎች ቀድሞ ያልነበረ ሽታ በቢራቸው አግኝተው ጥቂት መዳብ ወደ መሣሪያቸው እስከ መመለስ ደርሰዋል። የውስኪ አውጪዎች ድስታቸውን እስከ ዛሬ ከመዳብ የሚያሠሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከፋብሪካ የተሰናበተው መዳብ ወደ ተራው ሰው ቤት የገባበት መንገድ ግን ቀጥተኛ አልነበረም። አሜሪካ ከጃንዋሪ 17 ቀን 1920 እስከ ዲሴምበር 5 ቀን 1933 ድረስ የሚያሰክር መጠጥ በሕገ መንግሥት ከልክላ ሳለች፣ በየጫካው አረቄ የሚያወጡ ሰዎች የተጠመዘዘ የመዳብ ቱቦ በቀዝቃዛ ውሃ በርሜል ውስጥ ነክረው እንፋሎቱን ወደ ፈሳሽ ይለውጡበት ነበር፤ በእኛም አገር አረቄ የሚያወጡ ሴቶች የድፍድፉን እንፋሎት በሸምበቆ አሻግረው በቀዝቃዛ ውሃ ወደሚበርድ ዕቃ የሚያስገቡት በዚሁ የፍጥረት ሕግ ተመርተው ነው። ስለዚህ ጥምዝምዝ መዳብ በአሜሪካ ፖሊስ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የወንጀል ምልክት ሆኖ ኖረ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ መዳብ መግዛት ያልቻሉ ወይም የፈሩ አንዳንድ አረቄ አውጪዎች ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ራዲያተር እየተጠቀሙ፣ ራዲያተሩ የተበየደበት እርሳስ ወደ መጠጡ እየሟሟ ብዙ ሰው መመረዙ ነው። ዕቃ ሲወደድ ድኻው ወደ መርዝ እንደሚገፋ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

ክልከላው ሲነሣ በቤት ወይን መሥራት ተፈቀደ፤ በቤት ቢራ መጥመቅ ግን ከፈቃዱ ቀረና ለ45 ዓመት ያህል ሕገ ወጥ ሆኖ ቆየ። በእንግሊዝ አገር ነገሩ ቀደም ብሎ ተስተካከለ፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በግላድስተን ዘመን በ1880 በቤት ጠማቂ ላይ የተጣለውን የፈቃድ ግዴታ በ1963 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሬጂናልድ ሞድሊንግ አነሡት። በአሜሪካ ሴናተር አለን ክራንስተን ያቀረቡትን ማሻሻያ የያዘውን ሕግ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ኦክቶበር 14 ቀን 1978 ፈረሙበት፤ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 1979 ጀምሮም አንድ አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ያሉበት ደግሞ 200 ጋሎን፣ ማለት 757 ሊትር ያህል፣ ሳይሸጥ ለራሱ መጥመቅ እንዲችል ተፈቀደለት። በቤት አረቄ ማውጣት ግን እንደ ተከለከለ ቀረ። ክፍላተ አገሩ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው የመጨረሻዎቹ አላባማና ሚሲሲፒ የፈቀዱት በ2013 ነው።

ሕጉ ከመውጣቱ በፊትም ሰዎች ተሰባስበው ነበር፤ በሎስ አንጀለስ የማልቶስ ፋልከንስ ማኅበር በ1974 ተመሥርቷል። በኮሎራዶ ቦልደር ከተማ የኑክሌር ምህንድስና ተምሮ የትምህርት ቤት መምህር የሆነው ቻርሊ ፓፓዝያን በ1978 ከባልንጀራው ጋር የአሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ማኅበርን አቋቋመ፣ በ1984ም ለብዙ ሺህ ጀማሪዎች መምህር የሆነውን መጽሐፉን አሳተመ። ጃክ ማኮሊፍ በ1976 በካሊፎርንያ ሶኖማ የኒው አልቢየንን ትንሽ ጠመቃ ቤት የከፈተው ከወተት ፋብሪካ በተጣሉ ዕቃዎችና በአሮጌ በርሜሎች ነበር። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የመበልጸጊያ ሐሳብ ከመሥራት ፍቅር ቀድሞ አልታየም፤ የሌላቸውን ዕቃ ከተጣለው ያበጁት፣ የማያውቁትን ደግሞ እየተጠያየቁ ይማሩት ነበር።

የቤት ጠማቂው በመጀመሪያ 19 ሊትር ያህል ጭማቂ የያዘውን ድስት ከነትኩሳቱ ወስዶ በመታጠቢያ ገንዳ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በክረምትም በደጁ በረዶ ውስጥ ያስቀምጠው ነበር፤ ይህም ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ የፈላ ድስት ተሸክሞ መሄዱም ያሰጋል። የመዳብ ጥምዝምዙ መድኃኒት ሆኖ የመጣው ለዚህ ችግር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቱቦው ማፍላቱ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው በሚፈላው ድስት ውስጥ ይገባና በሙቀቱ ይነጻል፤ እሳቱ ሲጠፋ አንዱ ጫፉ ከቤቱ የውሃ ቧንቧ ጋር ይያያዝና ቀዝቃዛው ውሃ በውስጡ ያልፋል፤ በሌላው ጫፍ ትኩስ ሆኖ የሚወጣው የመጀመሪያው ውሃ ለዕቃ ማጠቢያ ይውላል። ጭማቂውን ቀስ ብሎ ለሚያማስል ሰው ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራው ያልቃል። የቧንቧ ውሃው ራሱ ለብ በሚልበት ቆላ አገር ያለ ሰው ሁለተኛ ጥምዝምዝ በበረዶ ባልዲ ውስጥ ያስቀምጥና ውሃውን አስቀድሞ በዚያ ያሳልፈዋል። የቦደሎ መሣሪያ ጭማቂውን በቧንቧው ላይ ሲያፈስስ፣ ይህኛው ቧንቧውን በጭማቂው ውስጥ ይነክራል፤ ሐሳቡ ግን ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው።

ለምን መዳብ ተመረጠ ለሚል ሰው መልሱ ሁለት ነው። መዳብ ሙቀትን ከተራው የማይዝግ ብረት 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ያሳልፋል፤ ደግሞም በእሳት የለዘበ የመዳብ ቱቦ ያለ ምንም ማሽን፣ በአንድ ቆርቆሮ ወይም በርሜል ዙሪያ በእጅ ሊጠመዘዝ ይችላል። ብቻ ሲጠመዘዝ እንዳይጨፈለቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ውስጡን በጨው ወይም በአሸዋ ሞልቶ ይጠመዝዘውና በኋላ አጥቦ ያወጣዋል።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ፤ የዚህ ታሪክ ሥጋና ደም ያለው እዚህ ነውና። በአሜሪካ ገበያ ጠማቂውን የሚያደናግረው ነገር አንድ ዓይነት ቱቦ በሁለት ሙያተኞች ዘንድ በሁለት መጠን መጠራቱ ነው፤ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ሩብ ኢንች የሚለውን የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ይለዋል፤ ይህኛው የሚለካው የውጭውን ስፋት ሲሆን ያኛው በስም ብቻ የሚጠራ መጠን ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ወይ ወፍራም ገዝቶ ገንዘቡን ያባክናል፣ ወይ መጋጠሚያው አይገጥምለትም። ለውሃ የሚሠራው ቱቦ እንደ ግድግዳው ውፍረት ኬ፣ ኤልና ኤም በሚባሉ ፊደላት ይለያል፤ ኬ ከሁሉ ወፍራም፣ ስለዚህም ከሁሉ ውድ ነው። ለማቀዝቀዣ ሥራ የሚሸጠውና 50 ጫማ፣ ማለት 15 ሜትር ከሩብ ያህል ሆኖ ተጠቅልሎ የሚመጣው ልዝብ ቱቦ የቤት ጠማቂዎች ወዳጅ የሆነው፣ አስቀድሞ የተጠቀለለ ስለሆነና ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ውፍረት ስለሌለው ነው።

የዋጋውም ነገር የራሱ ታሪክ አለው። ሦስት ስምንተኛ ኢንች የሆነ የ50 ጫማ ጥቅል ሦስት ኪሎ ያህል መዳብ አለው። በ2003 አንድ ቶን መዳብ በዓለም ገበያ በአማካይ ከ2,000 ዶላር በታች ይሸጥ ስለ ነበር በጥቅሉ ውስጥ ያለው ጥሬ ብረት 6 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር፤ በቻይና ፋብሪካዎችና ሕንፃዎች መስፋፋት ምክንያት ዋጋው በሜይ 2006 ከ8,000 ዶላር ሲያልፍ ያው ብረት ከ24 ዶላር በላይ ሆነ። በ2008 መጨረሻ ወደ 3,000 ገደማ ወረደ፣ በፌብሩዋሪ 2011 ከ10,000 አለፈ፣ በሜይ 2024 ደግሞ ከ11,000 በላይ ወጣ። በቺሊና በኮንጎ ማዕድን፣ በለንደንም የብረት ገበያ የሚሆነው ነገር በአንድ ሰው ወጥ ቤት ድስት ውስጥ እንደሚታይ ይህ ያስረዳል። ዋጋው ሲወደድ ጠማቂዎቹ ጥበባቸውን አልተዉም፤ ከ50 ጫማ ወደ 25 ጫማ አሳጠሩ፣ ከቧንቧ ሠራተኞች ቁራጭ ጠየቁ፣ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ጥቅል ገዝተው ተካፈሉ፣ ወደ ቁራጭ ብረት ነጋዴዎች ግቢም ሄዱ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ዕቃ እየተጠገነና እየታረቀ አዲስ ሥራ ሲያገኝ ያየ አንባቢ የእነዚህን ሰዎች ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም። ዛሬ ከማይዝግ ብረት ተሠርቶ የሚሸጥ ጥምዝምዝም አለ፤ ሙቀት በማሳለፍ ከመዳብ ቢያንስም ዋጋው ስለሚቀል ብዙዎች ወደ እርሱ ዘንብለዋል፤ እኔም ገንዘቡ ላልበቃው ሰው ነቀፋ የለኝም፣ ነገር ግን ለሚችል ሰው መዳቡን እመርጥለታለሁ።

እንግዲህ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ተቀምጦ ይህን ዕቃ ለመሥራት የሚያስብ ወገን ቢኖር ከርካሹ መካከል ሁለት ነገር ፈጽሞ እንዳይገዛ አደራ እለዋለሁ። ከአሮጌ ማቀዝቀዣ የተነቀለ ቱቦ የሞተር ዘይት ያዘለ ነውና ቢታጠብም አይታመንም። በእርሳስ የተበየደ መጋጠሚያም ምንም ቢረክስ ከምግብ አጠገብ ሊደርስ አይገባውም፤ አሜሪካ በ1986 ባወጣችው ሕግ የመጠጥ ውሃ በሚሄድበት መሥመር በእርሳስ መበየድን የከለከለችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ አሮጌ ቧንቧ የሚገዛ ሰው ብየዳው ያለበትን ጫፍ ቆርጦ ይጣለው። መጋጠሚያው ሁልጊዜ ከድስቱ አፍ ውጭ ይሁን፣ የሚጠብቀውም በብሎን እንጂ በብየዳ አይሁን፤ አዲሱም ቱቦ የፋብሪካ ዘይትና አቧራ አለበትና መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎም በሆምጣጤና በውሃ ይታጠብ፤ አረንጓዴ ዝገት ከታየበት እስኪለቅ ድረስ ሳይፈገፈግ ወደ ድስት አይግባ።